ቁልፉ የት ገባ?

ስለ አዲሷ የቤተሰብ መኪና ጥቃቅን ሮሮዎች

በዚህ ዓይነቱ ገጽ ላይ «ሂስ» የሚል ቃል ያየ አንባቢ የሚጠብቀው የልቦለድ፣ የግጥም፣ የቴአትር፣ ሲበዛም የሥዕል ሂስ ነው። እኔ ዛሬ ይዤ የቀረብኩት ግን ባለ አራት ጎማ ድርሰት ነው። «ምነው፣ የሚተች መጽሐፍ ጠፋ እንዴ?» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ግን እስቲ አንድ ጥያቄ ላንሣ። ባለፉት ጥቂት ዓመታት አዲስ አበባ ከገቡት የሰው ልጅ የእጅ ሥራዎች መካከል በየዕለቱ በብዙ ሰው እጅ የሚነካው፣ በብዙ ሰው ዓይን የሚነበበው፣ የብዙ ቤተሰብ ጥሪት የፈሰሰበት የትኛው ነው? ነጋዴው «ኤስ ዩ ቪ» የሚላት፣ ከመሬት ከፍ ያለችው አዲሷ የቤተሰብ መኪና አይደለችምን?

መጽሐፍ ደራሲ እንዳለው ሁሉ መኪናም ደራሲ አላት። ደራሲ ደግሞ ብዕሩን ሲያነሣ በልቡ የሚያነጋግረው አንድ አንባቢ አይጠፋም። ሃያሲ ከሚያስሳቸው ነገሮች አንዱ ያ በልብ የታሰበ አንባቢ ማን እንደሆነ ነው። አዲሷ መኪና ስትነደፍስ በልብ የታሰበው ነጂ ማን ነበር? የት አገር ይኖራል? ምን ቋንቋ ያነባል? ዓይኑንና እጁን እንዴት ያካፍላል? መልሱ ሞተሩ ወይም ባትሪው ዘንድ አይገኝም። የሚገኘው ጥቃቅኑ ነገር ላይ ነው፦ በጠፋው ቁልፍ፣ በማያባራው ደወል፣ በማይነበበው ጽሑፍ።

ጥቃቅን ያልኩት ባለቤቶቹ ራሳቸው እንደዚያ ስለሚሉት ነው። አዲስ መኪና የገዛ ሰው ስለ መኪናው ሲጠየቅ መጀመሪያ ምስጋናውን ይደረድራል። ሁለተኛው ስኒ ቡና ሲቀዳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንድ ነገር ብቻ…» ይላል። ያ «አንድ ነገር» ሦስት፣ አራት፣ አምስት እየሆነ ይሄዳል። ከዚያ ራሱ ያፍርና «ተወው፣ ይለመዳል» ብሎ ይዘጋዋል። ሚሊዮን ብሮች አውጥቶ መኪና የገዛ ሰው «የድምፅ መቀነሻው አስቸገረኝ» ብሎ ሲያማርር ቢሰማ «ጠግቧል» እንደሚባል ያውቃላ! ስለዚህ ሮሮው ይዋጣል። እኔ ግን የተዋጠው ሮሮ ይውጣ ባይ ነኝ፤ «ይለመዳል» የምንለው ሁሉ መለመድ የለበትምና።

ምስጋናው ይቅደም

በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በስተቀር ሌላ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ይፋ አደረገ። ከዚያም በፊት ለኤሌክትሪክ መኪኖች የታክስ እፎይታ ተሰጥቶ ስለነበር መንገዱ ተጠርጎ ነበር። ዛሬ ከቦሌ እስከ አያት የሚሄድ ሰው የቮልስዋገን አይዲ 4፣ የቢዋይዲ፣ የቶዮታ ቢዜድ 4 ኤክስ ምልክቶችን ሲቆጥር ይውላል። ብዙዎቹ፣ የጀርመንና የጃፓን ስም የለጠፉት ጭምር፣ ተሠርተው የመጡት ከቻይና ነው።

ለነዚህ መኪኖች የሚገባቸውን ምስጋና መንፈግ ነውር ነው። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ዳገቱን ሲወጡ አያቃስቱም። በነዳጅ ማደያ ሰልፍ ላይ ቀን አያመሹም፤ የሚጠጡት በአብዛኛው ከግድብ ውኃ የመነጨ ኃይል ነው። ቁመታቸው የሠፈር ውስጥ ኮረኮንችን ይችላል። ባትሪው ከወለሉ ሥር ተነጥፎ ስለሚቀመጥ ከኋላ መካከል የሚቀመጠው ልጅ እግሩን የሚያሳርፍበት ጠፍጣፋ ወለል አግኝቷል። ፀጥታቸው ደግሞ ለብቻው ምስጋና ይገባዋል፤ ባልና ሚስት ድምፃቸውን ሳያነሡ የሚጨዋወቱባቸው መኪኖች ናቸው።

ይህን ያህል የተራቀቀ ሥራ የመስታወት ላብ ማጥፊያ ቁልፍ ሲጎድለው ነው እንግዲህ ነገሩ የሚገርመው።

ጣት የሚያውቀው፣ ዓይን የሚፈልገው

የድሮዋን ኮሮላ ያስታውሷል። ዳሽቦርዷ ላይ ሦስት ማዞሪያዎች ነበሩ። አንዱ ለሙቀት፣ አንዱ ለነፋሱ ኃይል፣ አንዱ ለነፋሱ አቅጣጫ። ነጂው በጨለማ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል፣ እጁን ሰዶ የሚፈልገውን ይጨብጥ ነበር። ጣት የራሱ የሆነ ዕውቀት አለው። ማዞሪያ ጠርዝ አለው፤ ሲዞር «ቀጭ» ይላል፤ መጨረሻው ላይ ሲደርስ እንቢ ይላል። መስታወት ግን ጠርዝ የለውም። ለስላሳ ነው፣ ሁሉ ቦታው አንድ ነው። ስለዚህ ጣት ከመነሣቱ በፊት ዓይን መሄድ አለበት። ዓይን ሲሄድ መንገዱ ይቀራል።

እዚህ ላይ ቮልስዋገን አይዲ 4ን በምሳሌነት ላንሣ፤ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች በብዛት የምትታይ ስለሆነች ብቻ ሳይሆን፣ ታሪኳ ትምህርት ስለሚሰጥም ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ለዓለም ታየች። በ2021 የዓለም የዓመቱ መኪና ተብላ ተሸለመች። ሽልማቱ ሳይገባት ቀርቶ አይደለም። ነገር ግን ገዝተው ወደ ቤታቸው የወሰዷት ሰዎች ዳኞቹ ትኩረት ያልሰጡትን ነገር አገኙ። የሙቀቱንና የድምፁን መጠን የሚቀይረው ከስክሪኑ ሥር ያለ፣ በጣት የሚዳበስ ጠፍጣፋ ጠርዝ ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች ላይ ደግሞ ይህ ጠርዝ ማታ መብራት የለውም። መብራት የተጨመረለት በኋላ ነው። የበሮቹ መስታወቶች አራት ሲሆኑ በነጂው በር ላይ ያሉት መክፈቻዎች ሁለት ብቻ ናቸው። የኋላውን ለመክፈት ወይም ለመዝጋት መጀመሪያ «የኋላ» የሚለውን ቦታ በጣት መንካት ያስፈልጋል። ዝናብ ሲጥል የልጇን መስታወት ለመዝጋት የተጣደፈች እናት የራሷን ከፍታ በዝናብ ትመታለች። ሁለት ቁልፍ ተቆጥቦ አንዲት እናት ረጠበች ማለት ነው።

ነገሩ የመርጠብ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ። «ቪ ቢሌጋሬ» የተባለው የስዊድን የመኪና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2022 አንድ ቀላል ሙከራ አደረገ። አሥራ አንድ ዘመናዊ መኪኖችንና አንዲት የ2005 ሥሪት ቮልቮ ቪ 70 አሰለፈ። ነጂዎቹ ከመኪኖቹ ጋር እንዲተዋወቁ ጊዜ ከተሰጣቸው በኋላ በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር እየነዱ አራት ተራ ሥራዎችን እንዲሠሩ ታዘዙ፤ ሙቀት መጨመር፣ ሬዲዮ ጣቢያ መቀየር የመሳሰሉትን። በአሮጌዋ ቮልቮ ሥራው 10 ሰከንድ ፈጀ፤ መኪናዋ 306 ሜትር ተጓዘች። ኤም ጂ ማርቬል አር በተባለችው የኤሌክትሪክ መኪና ግን 44.9 ሰከንድ ወሰደ። በዚያ ፍጥነት 44.9 ሰከንድ ማለት 1,372 ሜትር ማለት ነው። አንድ ነጂ ትኩረቱን ከስክሪን ጋር ተካፍሎ አንድ ኪሎ ሜትር ከሩብ በላይ ሄደ! ይህን መንገድ በቀለበት መንገዳችን ላይ ለክቶ ማየት ይቻላል፤ በመካከሉ ስንት ሰው ይሻገራል?

እኔም አንድ የቀመስኩት አለ። ባለፈው ክረምት የእህቴን ባል አዲስ መኪና ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲ እየነዳሁ ነበር፤ የመኪናዋ ስም ይቆየን። ዶፍ ወረደ፤ የፊት መስታወቱ በአንድ ጊዜ ጉም ለበሰ። ማጥፊያውን ለማግኘት በስክሪኑ ላይ አንዱን ሥዕል መንካት፣ ከውስጡ ሌላ ገጽ መክፈት፣ ከዚያ ውስጥ ሦስተኛ ምልክት መፈለግ ነበረብኝ። ያዳነኝ አጠገቤ የተቀመጠው የዘጠኝ ዓመቱ የእህቴ ልጅ ነው። «አጎቴ፣ አንተ መንገዱን እይ፣ እኔ ልንካልህ» አለኝ። ሚኒባስ ታክሲ ረዳት የሚያስፈልገው በሩን ለመክፈትና ሒሳብ ለመቀበል ነው። ይህቺ የተራቀቀች መኪና ረዳት የምትፈልገው መስታወቷን ለማድረቅ ነው።

ለመሆኑ ቁልፉ የት ገባ? ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው ሒሳብ ነው። እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ቅርጽ ማውጫ፣ የራሱ ሽቦ፣ የራሱ ፍተሻ ይፈልጋል፤ አንድ ስክሪን ግን የሃምሳ ቁልፍ ሥራ ይሸከማል። ሁለተኛው መታያ ነው። ሰፊ የሚያበራ መስታወት በመሸጫው አዳራሽ ውስጥ የገዢን ዓይን ይይዛል። ችግሩ መኪና የሚገዛው በቆመበት፣ የሚያስፈልገው ግን በሚሄድበት መሆኑ ነው። ዶናልድ ኖርማን የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1988 ስለ ዕለታዊ ዕቃዎች አሠራር ባሳተመው መጽሐፉ፣ ሰው በአንድ ዕቃ ሲደናገር ጥፋቱን ከሰውየው ሳይሆን ከዕቃው አሠራር መፈለግ እንደሚገባ ተከራክሮ ነበር። ስክሪኑ ላይ የሚደናበር ሁሉ «እኔ ነኝ የማልገባው» እያለ ራሱን መውቀሱን እንዲተው ይህችን አሳብ መያዝ ይጠቅመዋል።

የማያባራ ደወል

አዲሷ መኪና ጭቅጭቅ ትወዳለች። በር ሲከፈት ትጮኻለች። ሲዘጋ ትጮኻለች። ከመርካቶ የተገዛ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ወንበር ላይ ቢቀመጥ ሰው መስሏት «ቀበቶ ይሰር» ብላ ትጮኻለች። አንዳንዱ ባለቤት የቀበቶውን ምላስ ብቻ ገዝቶ ይሰካባትና ያታልላታል።

መስመር ጠባቂው ደግሞ ለብቻው ነው። ይህ መሣሪያ የተፈጠረው የመንገዱ ቀለም በደንብ ለሚታይበት፣ መስመር መልቀቅ እንቅልፍ ወይም መዘናጋት ለሆነበት አገር ነው። እኛ ዘንድ መስመር መልቀቅ ብዙ ጊዜ ንቃት ነው፤ ጉድጓድ ማለፍ ነው፣ አህያ ማሳለፍ ነው፣ መንገድ ዳር ለቆመ ጋሪ ቦታ መስጠት ነው። ነጂው ጉድጓዱን ሊሸሽ መሪውን ሲያዞር መኪናዋ በትሕትና ወደ ጉድጓዱ ልትመልሰው ትታገላለች።

ይህ ሮሮ የኛ ብቻ አይደለም። በአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሸጥ አዲስ መኪና ሁሉ ከተፈቀደው ፍጥነት ሲታለፍ ነጂውን የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ እንዲኖረው ግድ ሆኗል። ነጂው ሊያጠፋው ይችላል፤ መኪናዋ በተነሣች ቁጥር ግን ተመልሶ ይበራል። ስለዚህ ብዙ ሰው ጠዋት መኪናውን እንዳስነሣ የመጀመሪያ ሥራው ያንን ድምፅ ፈልጎ ማጥፋት ሆነ።

ደወል ሁሉ ይጥፋ ማለቴ አይደለም። የቀበቶ ደወል ሕይወት ያድናል፤ ከኋላ ሕፃን መኖሩን የሚያስታውስ ድምፅም እንዲሁ። ችግሩ የሁሉም ድምፅ እኩል መሆኑ ነው። «ቀበሮ መጣ» እያለ ሲያሾፍ የኖረው እረኛ እውነተኛው ቀበሮ የመጣ ቀን ማን ሰማው? ለጤፍ ጆንያና ለሚሻገር ሕፃን በአንድ ድምፅ የምትጮኽ መኪና ነጂዋን መስማት እንዲተው ታሠለጥነዋለች።

ፊደል ቆጥሮ መሃይም መሆን

ወደ ዋናው ሮሮ ደረስኩ። ለቻይና ገበያ ታስበው ተሠርተው በነጋዴ በኩል እኛ ዘንድ የደረሱ መኪኖች ብዙ ናቸው። የብዙዎቹ ስክሪን የሚናገረው በቻይንኛ ነው። መመሪያ መጽሐፉ በቻይንኛ ነው። የድምፅ ረዳቷም የምትሰማው ቻይንኛ ነው። የኃይል መሙያ መሰኪያው እንኳ የቻይና ደረጃ ነው፤ ከአውሮፓው ጋር ያለ መጋጠሚያ አይገናኝም። በየሠፈሩ ቋንቋ የሚቀይሩ ልጆች ብቅ ብለዋል፤ ከተቀየረም በኋላ ግማሹ ገጽ እንግሊዝኛ፣ ግማሹ ቻይንኛ ሆኖ የሚቀርባቸው መኪኖች አሉ።

በሠፈራችን አንድ ጡረታ የወጡ መምህር አሉ። ልጆቻቸው ከአሜሪካ ገንዘብ ልከው አዲስ መኪና ገዝተውላቸዋል። ጋሼ ዳሽቦርዱ ላይ በብዕር የጻፉባቸውን ትንንሽ ወረቀቶች ለጥፈዋል። አንዱ «ሙቀት» ይላል። አንዱ «መስታወት» ይላል። አንዱ ደግሞ «አትንኩ» ይላል። «ይሄኛው ምንድን ነው ጋሼ?» አልኳቸው። «እኔስ መቼ አወቅሁት ልጄ! አንድ ቀን ብነካው መኪናው ዐሥር ደቂቃ ጮኸብኝ» አሉኝና ሳቁ። ቆይተው ግን ሳቃቸውን ገታ አድርገው፣ «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፊደል ሳስቆጥር ኖሬ፣ በገዛ ንብረቴ ውስጥ ፊደል ያልቆጠርኩ ሆንኩ» አሉ።

ይህን ንግግር ከሰማሁ ወዲህ ጉዳዩን ጥቃቅን ብዬ መጥራት ከብዶኛል። መኪናዋ በዚያ ስክሪን ላይ የምትጽፈው የዘፈን ስም ብቻ አይደለም። የጎማ አየር መቀነሱን፣ የፍሬን ችግር መኖሩን፣ ባትሪው መጋሉን የምትጽፈውም እዚያው ላይ ነው። ማስጠንቀቂያ የሚባለው ለተጠንቃቂው ሲገባው ነው። ካልገባው ጌጥ ነው።

በርግጥ ለሌላ ሰው የተሠራ መኪና መንዳት ለኛ አዲስ አይደለም። ከጃፓን በመጡት ያገለገሉ መኪኖች ላይ የነበረውን የሬዲዮ ነገር የሚያስታውስ ብዙ ነው። የጃፓን ኤፍ ኤም ለረጅም ዘመን ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ነበር፤ የኛ ጣቢያዎች ከዚያ በላይ ናቸው። ስለዚህ ሞገድ የምታወርድ ትንሽ ሳጥን ታስገጥምና ሸገር 102.1ን ሬዲዮው ላይ 82.1 ብለህ ትፈልገዋለህ። ሃያ እየደመሩ ሬዲዮ መስማት! ለመድነው። ግን ልብ በሉ፤ ያን ጊዜ የተሳሳተው ሬዲዮው ብቻ ነበር። ፍሬቻው፣ ክላክሱ፣ የመስታወት ላብ ማጥፊያው ቋንቋ አልነበራቸውም፤ ሥዕልና ጠርዝ ብቻ ነበራቸው። ቁልፍ ዓለም አቀፍ ቋንቋ ነበር። ቁልፉ ጠፍቶ ቦታውን ጽሑፍ ሲወስደው ነው ሌላ ቋንቋ የሚያነብ ሁሉ ከበር የቀረው።

«የጠገበ ሰው ሮሮ»

ከተማው ግማሽ ቀን በታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ስለ ባለመኪና ምቾት መጻፍ ምን ይባላል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም ሰልፈኛ ነኝ። ነገር ግን ነጂው ስክሪን ላይ ሲያፈጥ አደጋው የሚደርሰው ለማን ነው? እሱ በብረትና በአየር ከረጢት ተከቧል። አደጋው የሚያርፈው በመንገዱ ላይ ነው፤ ከትምህርት ቤት በምትመለሰው ልጅ፣ በሊስትሮው፣ አስፋልት ዳር በቆሎ በምትጠብሰው እናት ላይ። ፍጥነት ዝቅ ቢልም በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና በሦስት ሰከንድ ውስጥ ከ33 ሜትር በላይ ትጓዛለች። እንግዲህ የባለመኪናው ሮሮ የእግረኛውም ጉዳይ ነው፤ ባለመኪናው ሲያማርር ሳያውቀው ለእግረኛውም ጥብቅና ቆሟል።

ሮሮ ሲሰማ

ሮሮ ዋጋ ቢስ እንዳልሆነ ደግሞ ማስረጃ አለ። የቮልስዋገን የመንገደኛ መኪኖች ኃላፊ ቶማስ ሼፈር እ.ኤ.አ. በ2023 እነዚያ የሚዳበሱ መቆጣጠሪያዎች ብዙ ጉዳት ማድረሳቸውን በአደባባይ አመኑ። በ2025 የንድፍ ኃላፊው አንድሬያስ ሚንት የድምፅ፣ የሙቀት፣ የነፋስና አራቱን ፍሬቻ አንድ ላይ የሚያበራው መቆጣጠሪያ ወደ እውነተኛ ቁልፍ እንደሚመለሱ አስታወቁ። ሂዩንዳይም አሜሪካውያን ደንበኞቹን ሰብስቦ ሲጠይቅ በስክሪን መጨናነቃቸውን እንደሰማ በ2024 ተናግሯል። የአውሮፓ መኪኖችን ደኅንነት ፈትኖ ኮከብ የሚሰጠው ዩሮ ኤን ካፕ ደግሞ ከ2026 መጀመሪያ አንሥቶ ለፍሬቻ፣ ለአደጋ መብራት፣ ለዝናብ መጥረጊያ፣ ለክላክስና ለድንገተኛ ጥሪ በእጅ የሚዳሰስ መቆጣጠሪያ የሌለው መኪና ሙሉ ነጥብ እንዳያገኝ ደንብ አውጥቷል። ኩባንያዎቹን ያንበረከካቸው የሃያሲ ብዕር አይደለም። «አንድ ነገር ብቻ…» ብሎ ጀምሮ ሳያፍር የጨረሰ ገዢ ነው።

እኛ ዘንድ ሮሮው አድራሻ የለውም። ሻጩ አስመጪ ነው፤ ከሠሪው ጋር አይተዋወቅም። ሠሪው መኪናው አዲስ አበባ መግባቷን ላያውቅ ይችላል። ታዲያ ሮሮው ከመግዛት በኋላ ሳይሆን ከመግዛት በፊት ቢሆንስ? ገዢ ሆይ፣ መኪናዋ ቆማ ሳለ ነጂው ወንበር ላይ ተቀመጥና ዓይንህን ጨፍን። የመስታወቱን ላብ ማጥፊያ፣ አራቱን ፍሬቻ፣ የኋላውን መስታወት መዝጊያ በእጅህ ፈልግ። የማስጠንቀቂያውን ጽሑፍ በምታነበው ቋንቋ እንዲያሳይህ ሻጩን ጠይቅ። መመሪያ መጽሐፍ የምትችለው ቋንቋ የተጻፈ ስጠኝ በለው። ከኮፈኑ ሥር ከማየትህ በፊት የቤቱን ትልቅ ሰው ይዘህ ሂድና እሳቸው ይሞክሩት፤ እሳቸው ካልገባቸው መኪናዋ ገና አልገባችህም። ትርፍ ጎማ አላት ወይስ የላትም ብለህም ጠይቅ፤ በብዙዎቹ ውስጥ የምታገኘው ማጣበቂያና ትንሽ መንፊያ ብቻ ነው፤ የተቀደደ ጎማ ግን በማጣበቂያ አይነሣም።

መኪኖችን በአገር ውስጥ የሚገጣጥሙ ሰዎችና የሚያስገቡትን የሚቆጣጠሩ መሥሪያ ቤቶችም አንድ ነገር ሊሠሩ ይችላሉ። ሞተሩን መቀየር አይጠበቅባቸውም። ቢያንስ የፍሬን፣ የጎማና የባትሪ ማስጠንቀቂያ ነጂው በሚያነበው ፊደል ካልተጻፈ መኪናው ሰሌዳ አይሰጠው ማለት ይችላሉ። አማርኛ በስልካችን ላይ ይጻፋል፤ በመኪናችን ስክሪን ላይ የማይጻፍበት ምክንያት አይታየኝም። ያ እስኪሆን ድረስ ጋሼ የለጠፉት ወረቀት ከመኪናዋ ክፍሎች ሁሉ በቅጡ የታሰበበት ክፍል ሆኖ ይቆያል።